ጅቡ ለምን «ጠግቤያለሁ» አለ?

ጠያቂ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአዲስ አበባ ከመጣን ስምንት ወራችን ነው። የስምንት ዓመት ልጄ ለፍላፊ ነበር፤ አሁን ግን «እንዴት ዋልክ?» ስለው «ደህና» ብሎ በሩን ይዘጋል። ቅዳሜ በሚሰጠው የአማርኛ ክፍል ልጆችን ድራማ ያሠራሉ ሲባል ሰማሁ። ዓይን አፋር ልጅን መድረክ ላይ ማውጣት ማስጨነቅ አይሆንም?

የቅዳሜ አስተማሪ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦
እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። መድረክ የለንም። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ እንገፋለን፣ ወላጆችን ከበር እንመልሳለን። (አንድ ጊዜ አንድ አባት ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ሲጀምር ልጆቹ ሁሉ ባሉበት ደረቁ።) ለእንቁጣጣሽ ግጥም ማስሸምደድ ሌላ ነው፤ እዚህ ቃለ ተውኔት የሚጽፍላቸው የለም። ታሪኩን ሰምተው በገዛ አፋቸው ይጫወቱታል። ዊኒፍሬድ ዋርድ የምትባል አሜሪካዊት መምህር ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ በኢሊኖይዋ ኤቫንስተን ከተማ ትምህርት ቤቶች ያስፋፋችው ዘዴ ነው። ለእኛ ግን ዕቃ ዕቃ ነው፤ ትልቅ ሰው የተቀላቀለበት ዕቃ ዕቃ።

ባለፈው ወር «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ይዘን ነበር። ምሳሌያዊ አነጋገር ለዚህ ይመቻል፤ የጎደለውን ልጆቹ ይሞሉታል። ቁርበት ምን እንደሆነ ያወቀ ስላልነበረ አንዷ ካፖርቷን አነጠፈች። ጅብ የሆነው ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ፣ ድምፁን በቅጡ ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ነው። አስተናጋጆቹ እዚሁ የተወለዱት ናቸው።

«ምግብ ትፈልጋለህ?» አለችው ባለ ካፖርቷ።
«አይ፣ ጠግቤያለሁ» አለ ጅቡ።
«እሺ» አለችና የሌለውን ሳህን ይዛ ተመለሰች።

ጅቡ አፍጥጦ ቀረ። ጨዋታው በዚያው ሊሞት ነበር። ሁሉንም ባሉበት አቁሜ ልጁን ሳይሆን ጅቡን ጠየቅሁት፤ «አያ ጅቦ፣ ርቦሃል?»
«በጣም።»
«ታዲያ ለምን ጠግቤያለሁ አልክ?»
«መጀመሪያ እምቢ ይባላላ! ከዚያ እሷ ‹በሞቴ› ትላለች።»

እሷም ተቆጣች፤ «እምቢ ካለ አልፈለገም ማለት ነው እንጂ!» ሁለቱም እውነት አላቸው። ሦስት ጊዜ ደግመን ተጫወትነው። አንዴ አስተናጋጇ «በሞቴ» እያለች አጎረሰችው፤ አንዴ ጅቡ ወዲያው «አዎ» አለና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ይሉኝታ የሚለውን ቃል የሰጠኋቸው ያኔ ነው፣ ክንዱ ፊቱ ላይ እንዳለ። ፊደል ገበታ ሥር አስቀምጬ ሳስተምር ብውል ይህን ያህል አይገባቸውም ነበር። «ሆድ ባሰኝ»ንና ኩርፊያንም እንዲሁ በሰውነታቸው ነው የያዟቸው። «ሐዘን» እና «ደስታ» ብቻ ይዞ የሚያድግ ልጅ ያሳዝነኛል።

ወንበሮቹን ስንመልስ ልጁ ቀስ ብሎ ነገረኝ። በክፍሉ የልደት ኬክ ሲታደል እሱ እምቢ ይላል፤ ዳግመኛ የሚጠይቀው የለም። ለወራት እንዲህ ነው። እኔ በቀጥታ ብጠይቀው «ደህና ነኝ» ይለኝ ነበር።

እዚህ አገርም ነገሩ ከስደተኛ ልጆች ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ስደተኞችን ይረዳ በነበረው የቺካጎ ማዕከል፣ በሃል ሃውስ፣ ኔቫ ቦይድ የምትባል መምህር ጨዋታን ታስተምር ነበር፤ ከእሷ የተማረችው የስደተኞች ልጅ ቫዮላ ስፖሊን በኋላ የድራማ ጨዋታዎችን የቀመረችው ቋንቋና ባህላቸው የተለያየ ልጆችን አብረው እንዲጫወቱ ለማድረግ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ልጅሽ እንቅልፍ ወይም ምግብ እምቢ ካለ ለሕፃናት ሐኪሙ ንገሪ።

የአንድ ተማሪ አባት፦
እኔ ልጄን የምልከው ፊደል እንዲቆጥር ነው። ቅዳሜ ማታ እንደ ጅብ ሲጮህ አመሸ፤ ጎረቤት በር አንኳኳ። ምክሩ የቱ ላይ ነው? ተረት እኮ መጨረሻው ምክር ነው።

የቅዳሜ አስተማሪ፦
ጋሼ፣ ስለ ጩኸቱ ይቅርታ፤ ፊደሉ በመጀመሪያው ሰዓት አለ። ምክሩን ግን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። «ከዚህ ምን ተማርን?» ያልኩ ዕለት ልጆቹ እኔ የምወደውን መልስ ሰጥተውኝ ይሄዳሉ፤ የተሰማቸው እዚያው ሆዳቸው ውስጥ ይቀራል። ደግሞ እንስሳ ማናገር ልጅነት ብቻ እንዳይመስልዎ። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት፣ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ»፣ የአውሬዎች ኮሜዲ ነበር። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የታገደው የሚገባቸው ሰዎች ስለገባቸው ነው።

ጠያቂ እናት፦
ትናንት ራት ላይ እኔ ጅብ ሆንኩ። «ቁርበት አንጥፉልኝ» ስል ሳቀ። «እማዬ፣ ጅብ እንዲህ አይቀመጥም» አለና ወንበሩን ወሰደብኝ። ከዚያ ጅቡ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ጠየቅሁት። ከሹፌሩ ኋላ፣ ብቻውን ነው አለኝ። ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት?