አዙኪ አልበስል አለኝ፤ ጥቅሙስ ምን ያህል ነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ለጾም ብዬ ከኤዥያውያን ሱቅ አዙኪ ገዛሁ፤ ያቺ ትንሿ ቀይ ቦሎቄ። ጥሬውን ቲማቲም ያለበት ቁሌት ላይ ጨምሬው ሁለት ሰዓት ቢንተከተክም ቅርፊቱ አልለሰለሰም፣ አፍም ያዝ ያደርጋል። ምን አጎደልኩ? ስኳር ላለባቸው አባቴስ ይስማማቸዋል?

ቁሌት
ጥፋቱ የቲማቲሙ ነው እህቴ። ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ቅርፊቱ ደርቆ ይቀራል። መጀመሪያ ለብቻው ይቀቀል። 1 ስኒ ለቅመሽ እጠቢና ውሃ አልብሰሽ አፍዪው፤ ከፈላ ከ5 ደቂቃ በኋላ ውሃውን ድፊው። አፍ የሚይዘው ታኒን አብሮ ይሄዳል፤ ጃፓኖችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከዚያ በ4 ስኒ አዲስ ውሃ፣ በመለስተኛ እሳት፣ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ። እሳቱ ከበረታ ቅርፊቱ ይፈነዳና ውስጡ ይበተናል። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣት ጫን በያት፤ ያለ ትግል ከደቀቀች በስላለች፣ መሃሏ ነጭ ዱቄት ከሆነ ገና ናት። ቁሌቱ ውስጥ የሚገባው ያኔ ነው፤ 15 ደቂቃ ይበቃዋል።

ጨው በልክ
መዘፍዘፍ ግድ አይደለም። ውሃ የሚገባው በጎኗ ባለችው ነጭ ጠባሳ በኩል ስለሆነ የሁለት ሰዓት ዝፍዘፋ እምብዛም አይጠቅማትም። ፕሬሸር ኩከር ካለሽ፣ የመጀመሪያውን ውሃ ከደፋሽ በኋላ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ነው። ሶዳ ጣል የሚያደርጉ አሉ፤ ያለሰልሳል፣ ግን ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል። ሱቅ ውስጥ ዓመታት የከረመ ከሆነ ደግሞ በከንቱ አትድከሚ።

የጤና ነገር
100 ግራም የተቀቀለ አዙኪ 128 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ፕሮቲኑ 7.5 ግራም፣ ፋይበሩ 7 ግራም፣ ብረቱ 2 ሚሊግራም ያህል ነው። ፎሌቱም (ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ) ጥሩ ነው፣ ወደ 120 ማይክሮግራም። የእህል ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ አይወሰድምና ሎሚ ጭመቂበት፤ ቡናና ሻዩ ከምግቡ አንድ ሰዓት ይራቅ። ለአባትሽ ጥሩ ነው፣ ግን በልኩ፦ በዚሁ 100 ግራም ውስጥ 25 ግራም ካርቦሃይድሬት አለ። ፋይበሩ ስኳሩ ቀስ ብሎ ደም ውስጥ እንዲገባ ቢያደርግም፣ በሙሉ እንጀራ ላይ የሚጨመር ሳይሆን እንጀራው ተቀንሶ የሚበላ ነው። ኩላሊታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ፖታሲየሙ ብዙ ስለሆነ ሐኪማቸውን ጠይቂ።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ጃፓኖች ዳቦ ውስጥ የሚከቱት ጣፋጩስ እንዴት ይሠራል?

ጨው በልክ
አንኮ ይሉታል። 200 ግራም ደረቅ አዙኪ ቀቅለሽ ሙሉ በሙሉ ሲለሰልስ ውሃውን አጥልይ፤ 150 ግራም ስኳር በሁለት ጊዜ ጨምሪ፣ መጨረሻ ላይ ቆንጥር ጨው። ስኳሩ ከቀደመ ልክ እንደ ቲማቲሙ ያደርቀዋል። በእንጨት ማንኪያ እያማሰልሽ፣ የድስቱን ታች ስትጭሪው መስመሩ ለቅጽበት ሲቆይ አውርጂው። ሲቀዘቅዝ ስለሚጠነክር ላላ ሳለ ነው የሚወጣው። ይህኛው ለአባትሽ አይሆንም። ያጠለልሽውን ቀይ ውሃ አትድፊው፤ ሩዝ ቀቅይበት።

ቁሌት
ስኳር ያልገባበት ቅቅል ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ብዙ ከቀቀልሽ ከነውሃው ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው፤ ውሃው ከሌለ ቅርፊቱ ይሸበሸባል።