የሚረጋውን ዘይት መተው ደን ያድናል?

አራዳ_ጠባሽ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ለሚጠብስ አነስተኛ ቤት ምክር ፈልጌ ነው። የምንገዛው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚረጋውን የፓልም ዘይት ነው። ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ውስጥ ደን እየተመነጠረ ፓልም እንደሚተከል ካወቅን ወዲህ ዝም ብሎ መግዛቱ ከብዶናል። በኑግ ወይም በሱፍ ብንተካው ለመጥበስ ይሆናል? ደኑስ በእርግጥ ይጠቀማል? ጀሪካኑ ላይ «የአትክልት ዘይት» ብቻ ሲልስ በምን ይለያል?

ዘር_ጨማቂ፦
ከመጨረሻው ልጀምር። በንጹሕ ብርጭቆ ትንሽ ቀድታችሁ ፍሪጅ ውስጥ 24 ሰዓት አቆዩት። ፓልም ነጭ ፍሬ ፍሬ እየሠራ ይረጋል፤ የተጣራ ሱፍ ፈሳሽ እንደሆነ ያድራል። ሁለት ነገር ያሳስታል። ያልተጣራ ሱፍ በውስጡ ባለው ሰም ምክንያት በስሱ ይደፈርሳል እንጂ አይረጋም። ሱፐር ኦሌን የሚባለው፣ የሚረጋው ክፍሉ ተደጋግሞ የተለየለት ፓልም ደግሞ ዘግይቶ ስለሚረጋ በሁለት ሦስት ሰዓት አትፍረዱ። «ንጹሕ ኑግ» ተብሎ የሚሸጠውንም እንዲሁ ፈትኑት።

ኑግን በብዛት ለመጥበስ አልመክርም። ከቅባቱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል፣ በሙቀት ቶሎ የሚበላሽ ቅባት ነው፤ እሳት ላይ ሲውል ቶሎ ይወፍራል፣ ድስቱ ዙሪያ የሚያጣብቅ ቡናማ ሙጫ ይጥላል። ፓልም እሳቱን የሚችለው ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ስለሆነ ነው። ኑጉን ለቁሌትና ለሰላጣ አውሉት። ለመጥበሻ ፓልምን መተው ካማራችሁ «ሃይ ኦሌይክ» የተባለውን፣ ሙቀት የሚችል ቅባት የበዛበትን የሱፍ ዘይት ፈልጉ። ተራው ሱፍ እንደ ኑጉ ደካማ ነው።

ደንና_መሬት፦
ስለ ደኑ ልጨምር። ፓልም በሄክታር በዓመት 3 ቶን ገደማ ዘይት ይሰጣል፤ ሱፍ 1 ቶን እንኳ አይሞላም፣ አኩሪ አተር ግማሽ ቶን ገደማ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አኩሪ አተር ቢዞር ብዙ መሬት ስለሚፈልግ ምንጣሮው አኩሪ አተር በብዛት ወደሚበቅልበት ወደ ደቡብ አሜሪካ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ዛፉ የት እንደተተከለ ነው።

ከሁሉ የከፋው ፒት የሚባለው ረግረግ ነው፤ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ፣ ሙሉ በሙሉ ያልበሰበሰ ዕፅዋት ነው። ፓልም ለመትከል በቦይ ውሃውን ሲያፈሱት ይደርቃል፤ አንዴ ከተቀጣጠለ ከመሬት ሥር ለሳምንታት ይጨሳል። በ2015 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ውስጥ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የተቃጠለው በዚህ ዓይነቱ መሬት ጭምር ነው።

አርኤስፒኦ የሚባለው የፓልም ዘይት የምስክር ወረቀት ሥርዓት በ2004 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመዘኛ ደን መመንጠርንና ፒት ላይ አዲስ መትከልን ከልክሏል። አስመጪውን ስትጠይቁ «ሰርተፊኬት አለህ?» ብላችሁ አታቁሙ፤ ዓይነቱን ጠይቁ። «ሴግሪጌትድ» ከተባለ ዘይቱ እስከ መጨረሻው ተለይቶ የመጣ ነው። «ማስ ባላንስ» ከሆነ ካልተመሰከረለት ጋር ተቀላቅሏል፣ በወረቀት ላይ መጠኑ ብቻ ነው የሚጠበቀው። አንድ ቤት ብቻውን ቢጠይቅ መልስ ላያገኝ ይችላል፤ የአካባቢው ጠባሾች ተሰብስባችሁ አንድ ላይ ስትገዙ ግን አከፋፋዩ ይሰማል።

አንድ ነገር ከልቤ ልበል። ከሸማቾች ማኅበር ተሰልፎ ለቤቱ 3 ሊትር የሚወስድን ሰው በዚህ መውቀስ ግፍ ነው፤ እሱ የሚመርጠው ነገር የለም። የመምረጥ አቅም ያለው ጀሪካን በጀሪካን የሚገዛው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አስመጪው ነው።

ምጣድና_እሳት፦
ከመቀየሩ በፊት የሚባክነውን ቀንሱ፤ ያልተደፋ ዘይት ያልተገዛ ዘይት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃም ከዚያ በላይ ስለማይሞቅ ውስጡ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። መጽሐፍ ላይ ያለውን 175 ዲግሪ እንዳለ ከወሰዳችሁት ቦምቦሊኖው ውጭው ጠቁሮ ውስጡ ሊጥ ይሆናል፣ ዘይቱም ያለቦታው ይቃጠላል። 160 እስከ 165 ይበቃል። ቴርሞሜትር ግዙ፤ በዓይን አይገመትም።

ፍርፋሪውን በየዙሩ በወንፊት አውጡ፤ ማታ ለብ ሲል በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፣ ከድናችሁ ከብርሃን አርቁት። ጨው የሚነሰነሰው ከወጣ በኋላ ነው። የመዳብና የዛገ ብረት ዕቃ ዘይት ያበላሻል፣ ስቴንለስ ይሻላል። አረፋው አልጠፋ ካለ፣ እንደ ማር ከወፈረ ወይም በተለመደው ሙቀት ከጨሰ አልቆለታል፤ አዲስ ጨምሮ ማራዘም አዲሱንም ማበላሸት ነው።

አራዳ_ጠባሽ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፓልሙን ከሱፍ ጋር ግማሽ በግማሽ መቀላቀልስ?

ዘር_ጨማቂ፦
ይቻላል። ዕድሜው ከሁለቱ መካከል ይሆናል፤ ስለዚህ ከፓልሙ ቀድማችሁ ለመቀየር ተዘጋጁ። ያለቀውን ፍሳሽ ውስጥ አትድፉ፣ ይረጋና ቱቦ ይዘጋል። በጀሪካን አጠራቅማችሁ ለሳሙና ሠሪ ስጡ።