ኮከቡ «አልገባም» ሲል፦ ፒፔንና የ1.8 ሰከንዱ ጉዳይ

ሦስት_ነጥብ፦
ሰላም የቅርጫት ኳስ ወዳጆች። እ.ኤ.አ. በ1994 ቺካጎ ቡልስ ከኒው ዮርክ ኒክስ ጋር ባደረገው ሦስተኛ የፕሌይኦፍ ጨዋታ፣ 1.8 ሰከንድ ሲቀር ስኮቲ ፒፔን «አልገባም» ብሎ ቤንች ላይ ቀረ። የመጨረሻው ኳስ ለቡድን ጓደኛው ለቶኒ ኩኮች ስለተሰጠ ነው። ግማሹ ሰው ትዕቢት ነው ይላል፣ ግማሹ ደግሞ የቡድኑ ኮከብ እንዴት ኳስ አቀባይ ይደረጋል ይላል። የቡልስ አሰልጣኝ ፊል ጃክሰን ለምን ኩኮችን መረጠ? ታዳጊዎችን የሚያሰለጥን ሰውስ እንዲህ ቢገጥመው ምን ያድርግ?

ሪባውንድ፦
ምርጫው የጨዋታ ስሌት ነው። የኒክሱ ፓትሪክ ዩዊንግ ገና 102 ለ 102 ማድረጉ ነው። በ1.8 ሰከንድ ተቀብለህ፣ ዞረህ፣ ትወረውራለህ፤ ድሪብል (ኳስ ማንጠር) ቢኖር አንድ ነው። ፒፔን የሚያስፈራው እየነዳ ሰብሮ ሲገባ ነበር፣ ለዚያ ደግሞ ጊዜ የለም። ኩኮች ቁመቱ 2.10 ሜትር ገደማ ነው፤ ተከላካይ ፊቱ ቢቆምም ከላይ ይለቃታል። በዚያው የውድድር ዓመት በመጨረሻ ሰከንድ ያሸነፋቸው ጨዋታዎችም ነበሩ። ኳስ ከመስመር ውጭ የሚያስገባው ደግሞ ረጅም እጅ ያለውና ሜዳውን የሚያይ መሆን አለበት። በቡልስ ያ ሰው ፒፔን ነው።

ግን ፒፔንንም ዝም ብላችሁ አትኮንኑት። ማይክል ጆርዳን ቤዝቦል ሊጫወት በሄደበት ዓመት ቡድኑን ተሸክሞ 55 ጨዋታ አሸንፏል። የክለቡ ኃላፊዎች ኩኮችን ገና ከአውሮፓ ሳይመጣ ሲያሞካሹት ፒፔን ስለ ራሱ ደመወዝ ያጉረመርም ነበር። በ1992 የባርሴሎና ኦሎምፒክ እሱና ጆርዳን ለክሮኤሺያ የተሰለፈውን ኩኮችን በመከላከል አንቀው ይዘው በመጀመሪያው ጨዋታ 4 ነጥብ ብቻ እንዲያገባ ያደረጉት ለዚህ ነው። ቂሙ የቆየ ነው።

ፊሽካ፦
አንድ ነገር ተዘለለ። ፒፔን ሲቀር አምስተኛ ሰው ስለጎደለ ጃክሰን ሌላ ታይም አውት (አሰልጣኝ የሚጠራው አጭር እረፍት) መጥራት ግድ ሆነበት። ከዚያ ፒት ማየርስ ገብቶ አቀበለ፣ ኩኮች አገባ፣ 104 ለ 102። በፊባ (የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ በሁለተኛው አጋማሽ ሦስት ታይም አውት ቢኖርህም በአራተኛው ሩብ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ከሁለት በላይ መጠቀም አትችልም። በአንድ ልጅ ኩርፊያ ግማሹ ሄደ ማለት ነው።

ነጭ_ሰሌዳ፦
ለታዳጊ አሰልጣኝ፦ የመጨረሻው ኳስ የማን እንደሆነ በታይም አውት ውስጥ የሚነገር ነገር አይደለም። በየልምምዱ መጨረሻ አምስት ደቂቃ ወስደህ ሰዓቱን 2፣ 4 እና 8 ሰከንድ ላይ እያደረግህ አጫውታቸው፤ አቀባዩን አፈራርቅ፣ ኮከቡንም ጨምር። ካቀበለ በኋላ ወዲያው ወደ ሜዳ እንዲገባ አስተምረው። የእሱ ተከላካይ ፊቱን ወደ ኳሷ ስለሚያዞር ብዙ ጊዜ ነጻ የሚሆነው አቀባዩ ነው። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ካየ አቀባይ መሆን ቅጣት አይመስለውም።

ሌላው፣ ያቺን ቦታ የሚያውቅ አንድ ተጠባባቂ ይኑርህ። ጃክሰንን ያተረፈው ማየርስ ዝግጁ መሆኑ ነው። ልጁ እምቢ ካለ አትከራከር፣ ታይም አውት አንድ ደቂቃ ናት፤ ቀይረውና ቀጥል።

ከጨዋታው በኋላስ? በቡልስ መልበሻ ክፍል መጀመሪያ የተናገረው አንጋፋው ቢል ካርትራይት ነበር፣ እንባ እየተናነቀው። ፒፔን ይቅርታ ጠየቀ፣ አልታገደም፣ በአራተኛው ጨዋታ 25 ነጥብ አግብቶ ቡልስ አሸነፈ።

ሪባውንድ፦
@ነጭ_ሰሌዳ በዚህ አልስማማም። ያለ ቅጣት ማለፍ ለትልቅ ሰው ይሠራል። የ15 ዓመት ልጅ ግን ቀጣዩን ጨዋታ ከቤንች ካልጀመረ ሌሎቹ ልጆች ነገ ያንኑ ይደግሙታል።

ነጭ_ሰሌዳ፦
ከቤንች ይጀምር፣ ግን ምክንያቱን ለብቻው ንገረው፣ በቡድኑ ፊት አይደለም። ደግሞ ቤንች ሁልጊዜ የቅጣት ቦታ እንዳይመስል ተጠንቀቅ። ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ውስጥ ማኑ ጂኖቢሊ በ2007/08 በአብዛኛው ከቤንች እየተነሳ በአማካይ 19.5 ነጥብ አግብቶ የዓመቱ ምርጥ ስድስተኛ ሰው ተብሏል። ጨዋታው ሲጠብቅ ግን ሜዳ ላይ ነበር። ኮከብህን ከቤንች ስታስነሳው የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች እንደሚጫወት ቀድመህ ንገረው፣ ቃልህንም ጠብቅ።

ሦስት_ነጥብ፦
አቀባዩን ማፈራረቁን ከማክሰኞ ልምምድ ጀምሮ እሞክረዋለሁ። በ2 ሰከንዱ ላይ ስክሪን (ቆሞ የጓደኛን ተከላካይ መንገድ መዝጋት) ማን ቢያደርግ ይሻላል፣ ረጅሙ ወይስ ወርዋሪው?

ነጭ_ሰሌዳ፦
ወርዋሪው ለረጅሙ ያድርግና ወዲያው ወደ ኳሷ ይውጣ። ተከላካዮቹ ረጅሙን ሲከተሉ እሱ ይለቀቃል።