ለ1993 ሚያታ ትንሽ ጉልበት ልጨምር፤ 2,000 ዶላር አለኝ፣ ከምን ልጀምር?

ጥያቄ፦ የአሌክሳንድሪያው

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ባለፈው መኸር የ1993 ማዝዳ ሚያታ ገዛሁ። ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፣ ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል፣ 138,000 ማይል የሄደች ናት። ለሥራ ሌላ መኪና ስላለኝ እሷን የማወጣት ቅዳሜና እሁድ ነው። በማለዳ ተነስቼ ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው የተራራ መንገድ ላይ እወጣለሁ። ጣሪያዋን ከፍቼ በዛፎቹ መሀል ስሄድ የሳምንቱ ድካም ይለቀኛል።

ሁለት ነገር ግን አስቸገረኝ። አንደኛ፣ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽም ቢሆን ትደክማለች። ሁለተኛ፣ በቅርቡ በዝናብ ቀስ ብዬ ኩርባ እየዞርኩ ሳለ ኋላዋ ሸርተት አለብኝ። በጣም ደነገጥኩ።

አንድ ሱቅ ሄጄ አማከርኩ። «አየር ማስገቢያና ሙሉ ማርሚታ በ1,400 ዶላር እንቀይርልሃለን፣ 30 የፈረስ ጉልበት ታገኛለህ» አሉኝ። እውነት ነው? ውድድር አልገባም። ትንሽ ነቃ እንድትልልኝ ነው የምፈልገው። ጠቅላላ በጀቴ 2,000 ዶላር ነው። ቀላል ሥራ ራሴ እሠራለሁ፤ ዘይትና የፍሬን ሸራ ቀይሬ አውቃለሁ።

መልስ፦ መካኒክ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ ጥሩ መኪና ነው የገዛኸው። ገንዘቡን ግን ገና አትስጥ።

ሒሳቡን እንየው። ያንተ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 116 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ማዝዳ በ1994 ሞተሩን ወደ 1.8 ሊትር አሳደገው፤ ያገኘው 128 ነው። ፋብሪካው ራሱ ትልቅ ሞተር አስገብቶ 12 ብቻ ከጨመረ፣ አንድ ቱቦና ማርሚታ 30 ከየት ያመጣል? ጥቂት ታገኛለህ፤ አብዛኛው ግን ድምፅ ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (የጭሱን መርዝ የሚያጣራውን) እናውጣው ካሉህ ደግሞ እንቢ በል። በፌደራል ሕግ ክልክል ነው፣ የሞተሩንም ጤና አያሻሽልም።

መጀመሪያ የጠፋውን ጉልበት መልስ። ከ30 ዓመት በላይ የሆነው ሞተር 116ቱን ሁሉ ዛሬ እየሰጠህ ላይሆን ይችላል። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት፣ ለካ። መለኪያውን ከመለዋወጫ ሱቅ በውሰት ታገኛለህ። አራቱን ካንዴላ አውጣ፣ ሞተሩ ሙቅ ይሁን፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ረግጠህ አስነሺውን አዙር። ዋናው አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው። አንዱ ብቻ በጣም ከወረደ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቁምና ተመለስ፣ እንነጋገራለን።

ቀጥሎ የካንዴላ ገመዶቹን ቀይር። ይህ ሞተር ገመዱ ሲያረጅ ዳገት ላይ መቆራረጥ ይወዳል፤ ብዙ ሰው የሞተር ድካም ይመስለዋል። የአየርና የነዳጅ ፊልትሮም ቀይር። የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር እኩል የሚያስኬደው) መቼ እንደተቀየረ ወረቀት ከሌለህ እንዳልተቀየረ ቁጠረው። በየ60,000 ማይሉ ነው የሚቀየረው። 1.6ቱ ቺንጋው ቢበጠስም ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም፤ ግን መንገድ ላይ ታስቀርሃለች። ሲከፈት የውሃ ፓምፑንም አብረህ ጨርስ።

መልስ፦ ባለቀይዋ

እኔ የ1999 ሚያታ አለኝ፤ በየወሩ ሰፊ ፓርኪንግ ላይ ኮን ተደርድሮ በሰዓት የሚነዳበት ውድድር እገባለሁ። ጋሽ መካኒክ ስለ ሞተሩ ያሉት ልክ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን መንሸራተቷ ነው።

ወንድሜ፣ አሁኑኑ ውጣና የጎማዎቹን ጎን ተመልከት። ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ነው የሚናገሩት። ሁለተኛ፣ ንፋሱን ለካ። የዚህች መኪና 26 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው፤ በሹፌሩ በር በኩል የተለጠፈው ላይ አለ። ጎሚስታዎች ይህን ሳያዩ እንደ ሌላው መኪና 35 ይሞላሉ። አንድ ቶን ገደማ የምትመዝን ቀላል መኪና 35 ላይ ትዘላለች እንጂ መንገድ አትይዝም።

የአሌክሳንድሪያው

እህቴ፣ አሁን ከውጭ ገባሁ። አራቱም ላይ 3211 ይላል። የ2011 ጎማ ነው ማለት ነው? ጥርሱ እኮ አዲስ ይመስላል! ንፋሱ 36 ነው።

ባለቀይዋ

አዎ፣ የ2011 ዓመት 32ኛ ሳምንት። ጥርስ ስላለው አትታለል። ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፤ ጥፍርህን ስትጫነው እንደ ፕላስቲክ ይሆናል። እርጥብ አስፋልት ላይ የሚይዘው ለስላሳው ጎማ ነው። በእነዚህ ዝናብ ላይ አትውጣ፣ እለምንሃለሁ።

በጀትህ ከዚህ ይጀምር። ያንተ ኦሪጅናል መጠን 185/60 14 ነው። አሁን በ14 ኢንች ጥሩ ጎማ ማግኘት ስለሚያስቸግር አብዛኞቻችን ወደ 195/50 15 ሄደናል። ቁመቱ እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ የፍጥነት መለኪያውም አይዋሽም። ያገለገለ ባለ 15 ቸርኬ ፈልግ፣ ክብደቱ ግን ቀላል ይሁን። ከባድ ቸርኬ ያችኑ ጥቂት ጉልበት ይበላብሃል።

መልስ፦ የዴንቨሩ

እኔ የማወራው ከከፍታው አገር ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛውን ያህል ያጣል፤ አየሩ ስስ ነውና። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የስካይላይን አናትም 1,100 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ እዚያ የሚሰማህ ድካም በከፊል የአየሩ ነው፤ መኪናዋን ብቻ አትውቀስ። ይህ ሞተር ደግሞ በዝቅተኛ ዙር አይጎትትም። ዳገት ላይ ወደ ሁለተኛ አውርድና ከ5,000 ዙር በላይ አዙረው፤ የተሠራው ለዚያ ነው።

30 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ የእውነት ከፈለግክ መንገዱ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) ነው። እኔ አስገብቻለሁ። ቱርቦው ብቻውን አይመጣም፤ ትልልቅ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው)፣ የሞተሩ ኮምፒውተር፣ ጠንካራ ፍሪሲዮን፣ የተሻለ ራዲያተር ይከተላል። እኔን ከ4,000 ዶላር በላይ አስወጥቶኛል፣ የጉልበት ዋጋ ሳይቆጠር። በ2,000 ጀምረህ መሀል ላይ ከምትቆም ባትጀምረው ይሻላል።

መልስ፦ መካኒክ ከሲልቨር ስፕሪንግ

አንድ በነጻ የሚገኝ ነገር ልጨምርልህ። በዚህ ዘመን ሚያታ ላይ የእሳቱን ታይሚንግ፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት፣ በእጅ ማስተካከል ይቻላል። የፋብሪካው 10 ዲግሪ ነው፤ ብዙ ሰው ወደ 14 ይወስደዋል። ከታችና ከመሀል ዙር ላይ ልዩነቱ ይሰማሃል።

ሞተሩን አሙቅ። ኮፈኑ ሥር «ዲያግኖሲስ» (DIAGNOSIS) የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለ። ክዳኑን ክፈትና ቲኢኤን (TEN) እና ጂኤንዲ (GND) የሚሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝ። ይህን ካልዘለልክ ኮምፒውተሩ ታይሚንጉን አይቀያይርብህም፣ የምታየውም ቁጥር እውነተኛ ይሆናል። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ በደቂቃ 850 ዙር አካባቢ ይዙር። የታይሚንግ መብራቱን (ከእሳቱ ጋር እኩል ብልጭ የሚለውን መለኪያ) አንደኛው ሲሊንደር ገመድ ላይ ቆንጥጥ። ከዚያ ከሞተሩ ራስ ኋላ የካም አንግል ሴንሰሩ አለ፤ የያዘውን ቡሎን በ12 ቁልፍ ትንሽ አላላ፣ ሴንሰሩን በፀጉር ስፋት እያዞርክ ፑሌው ላይ ያለውን ጭረት ተመልከት። 14 ላይ ሲደርስ አጥብቅ፣ ሽቦውን አውጣ።

ከዚያ በኋላ ፕሪሚየም ቤንዚን ብቻ። ዳገት ላይ ጠጠር ጣሳ ውስጥ እንደሚንኳኳ ድምፅ ከሰማህ ወዲያው ወደ 12 ወይም ወደ 10 መልስ። ያ ድምፅ ፒስተን ይበሳል።

መልስ፦ ባለቀይዋ

ፍሬንንም አትርሳ። ከስካይላይን መውረጃው ረጅም ነው። ፈሳሹ ካረጀ ውሃ ይስባል፣ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም ወደ ወለል ይወርዳል። አሮጌውን ከቱቦዎቹ በሙሉ አስወጣና ዶት 4 የሚባለውን አዲስ ፈሳሽ አስገባ።

ሾካብዞርበሩን ለማየት አንዱን ጥግ በሁለት እጅህ ተጭነህ ልቀቅ። አንዴ ተነስቶ ካልቆመ ሞቷል። ሲፈታ ውስጡ ያለውን የላስቲክ ማቆሚያ እይ፤ በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ዱቄት ሆኖ ነው የሚገኘው። ከዚያ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል)።

የአሌክሳንድሪያው፣ ከሰባት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ኮምፕሬሽኑ 178፣ 175፣ 180፣ 176 ወጣ። ከካንዴላ ገመዶቹ አንዱ ተሰንጥቆ ነበር፤ ማታ ኮፈኑን ከፍቼ ሳስነሳት ሰማያዊ ብልጭታ በዓይኔ አየሁ። ቺንጋውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ ካንዴላና ገመዱን ከጓደኛዬ ጋር በሁለት እሁድ ጨረስን፤ ዕቃው 260 ዶላር ፈጀ። ጎማ 480፣ ያገለገለ ቸርኬ 350። ሾካብዞርበር ከነማቆሚያው 420፤ የድሮው ማቆሚያ እውነትም እጄ ላይ ተፈረካከሰ። የፍሬን ሸራና ፈሳሽ 110፣ አላይመንት 120፣ የታይሚንግ መብራት 40። ድምሩ 1,780 ዶላር።

ባለፈው ቅዳሜ ስካይላይን ላይ ወጣሁ። እንደተባልኩት ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ አዞርኳት፣ አልደከመችም። ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ያችው ኩርባ ላይ ስደርስ እጄ መሪው ላይ ተጨብጦ ነበር፤ እሷ ግን ቀጥ ብላ ዞረች። መኪና ማቆሚያው ላይ ወጥቼ ጎማውን ነካሁት፤ ሞቅ ያለና ለስላሳ ነው።

ታይሚንጉን ገና አልነካሁም። ጋሼ፣ ሴንሰሩ ሥር ዘይት አየሁ፤ እየወረደ ካምቢዮው ላይ ይንጠባጠባል። ይህን ሳላስተካክል ላዙረው ወይስ ልጠብቅ?

መካኒክ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጠብቅ። እዚያ ሴንሰር ውስጥ ያለችው ቀለበት ላስቲክ ደርቃለች፤ በጥቂት ዶላር ትገኛለች። ሴንሰሩን ከማውጣትህ በፊት የቆመበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርግበት። አዲሷን ላስቲክ ዘይት ቀብተህ አስገባ፣ ምልክቱ ላይ መልሰው፣ ሞተሩን አስነሳ፤ ከዚያ እግረ መንገድህን 14 ላይ ታደርሰዋለህ። ካምቢዮው ላይ ያለውን ዘይት በደንብ ጥረግና ከሳምንት በኋላ እየው። ደርቆ ካገኘኸው ጨርሰሃል፤ ካልሆነ የቫልቭ ክዳኑ ጋስኬት ነው፣ ፎቶ ላክልኝ።