ስታቲስቲክስን ወደ ሦስተኛ ዓመት ባሳልፈው ምን ይገጥመኛል? (የሶሲዮሎጂ ተማሪ ጥያቄ)

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ፍሬሽማን ጨርሼ ሶሲዮሎጂ ትምህርት ክፍል ገብቻለሁ፤ የመጀመሪያ ምርጫዬ አድርጌ የሞላሁት እሱን ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር የሚጠብቁኝ ኮርሶች የማኅበራዊ ሳይንስ ስታቲስቲክስ፣ የሶሲዮሎጂ ንድፈ ሐሳብ፣ የገጠር ሶሲዮሎጂ፣ ሥነ ሕዝብና አንድ የምርጫ ኮርስ ናቸው። በፍሬሽማን ሒሳብ ሲ ያገኘሁት በብዙ ልፋት ስለሆነ፣ ስታቲስቲክስን ጥዬ በቦታው ጓደኞቼ የሚወስዱትን የወንጀል ሶሲዮሎጂ ልጨምር አስቤአለሁ። ኮርስ የመጨመሪያና የመጣያ ጊዜው ሊያበቃ አራት ቀን ቀርቶታል።

የመመረቂያ ጥናቴን ስለ ዕድር ለመሥራት እፈልጋለሁ። ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ የዕድራችን አባላት በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ ድንኳኑ ግን አሁንም አንድ ነው፣ ሰው ሲሞት ከዳር እስከ ዳር ይጓዛል። እባካችሁ ያለፋችሁበት ምከሩኝ።

መልስ፦ ተመራቂ ከባሕር ዳር

እኅቴ፣ እንዳትጥይው። እኔ ከመመረቅ በፊት የሚወሰደው የመውጫ ፈተና ለሁሉም ትምህርት ክፍሎች በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠበት በ2015 ዓ.ም. የተፈተንኩ ነኝ። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ንድፈ ሐሳቡን ማስታወሻዬን እያገላበጥኩ ደረስኩበት፤ ያንገዳገደኝ በጥድፊያ ያለፍኩት የጥናት ዘዴና ስታቲስቲክስ ነው። እሱ በአንድ ሳምንት ሽምደዳ አይገባም።

መልስ፦ የቀድሞ ረዳት መምህር

ልጄ፣ ዕቅድሽን ከመጨረሻው ጀምረሽ ወደ ኋላ ቁጠሪ። አራተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ጥናት አለ። ለእሱ ፕሮፖዛል መጻፍ አለብሽ፤ ለፕሮፖዛሉ የጥናት ዘዴ ኮርስ ያስፈልግሻል፤ የጥናት ዘዴው መምህር ደግሞ ስታቲስቲክስ ተምራችኋል ብሎ ነው የሚጀምረው። በብዙ ትምህርት ክፍሎች ዋና ኮርስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ለአንድ ሴሚስተር የገፋሽው አንድ ሙሉ ዓመት ይወስድብሻል። ያኔ ከታችሽ ካሉት ጋር ስትማሪ የራስሽ ክፍል ሰዓት ይጋጭብሻል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሬጅስትራር ሄደሽ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ኮርሱ መቼ መቼ ይሰጣል? ለየትኛው ኮርስስ ቅድመ ሁኔታ ነው?

ሒሳቡን ስለ መፍራትሽ አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። የአገራችንን የሕዝብ ቆጠራ ውጤት፣ የ1976ቱንም የ1987ቱንም የ1999ኙንም፣ ዕድሜ በዕድሜ ዘርዝረሽ ተመልከቺ። 30፣ 35፣ 40 ላይ ሰው ይከመራል፤ 39 እና 41 ላይ ይሳሳል። ቆጣሪው በር አንኳኩቶ ዕድሜ ሲጠይቅ ሰዉ «አርባ ይሆነኛል» ስለሚል ነው። ይህን ለማየት ከመደመርና ከማካፈል ያለፈ ሒሳብ አያስፈልግም፤ የሰፈርሽን ሰው አነጋገር ማወቅ ግን የግድ ነው፤ አንቺ ደግሞ እሱን ታውቂዋለሽ።

እኔ ተማሪ ሳለሁ 120 መጠይቅ በትኜ «የወር ገቢዎ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ግማሹ ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ተመለሰልኝ። ለዕድርና ለዕቁብ በወር ስንት እንደሚያወጡ ጠይቄ ቢሆን ሰው በደስታ ይነግረኝ ነበር። ይህን የተረዳሁት ወረቀቱ ሁሉ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መልስ፦ ተመራቂ ከሐዋሳ

ስታቲስቲክስ ይቆይ በሚለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን አምስቱንም ተሸክመሽ አትግቢ። የሚቀነሰው የምርጫው ኮርስ ነው፤ እሱ በሌላ ሴሚስተር ይገኛል። ስትመርጪም ጓደኞችሽን ሳይሆን ጥናትሽን ተከተይ። ስለ ተበተነ ዕድር ለምትጽፍ ልጅ የከተማ ሶሲዮሎጂ ከወንጀል ሶሲዮሎጂ ይልቅ ይቀርባታል። ከመቀነስሽ በፊት ግን አማካሪሽን ጠይቂ፤ ከዝቅተኛው የኮርስ ጭነት በታች እንዳትወርጂ።

የንድፈ ሐሳቡንም ኮርስ እንደ ሩቅ አገር ወሬ አትይው። ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ዱርካይም ሰዎችን ምን ያስተሳስራቸዋል ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ያ ሰፈር ለሰፈር የሚጓዘው ድንኳናችሁ ነው። እኔ በየትምህርቱ ኅዳግ ላይ «ይህ ለእኔ ርዕስ ምን ይላል?» እያልኩ እጽፍ ነበር፤ አራተኛ ዓመት ላይ ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ጠበቀኝ።

መልስ፦ ከስቶክሆልም

የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ አስቀምጪ። እኔ ለማስተርስ ሳመለክት የውጤት ወረቀቴ ብቻ አልበቃም፤ በስታቲስቲክስና በጥናት ዘዴ ምን ምን እንደተማርኩ አስረጂ ተባልኩ። ያንን ፍለጋ ከዚህ ሆኜ ሰው ስለምን ሁለት ወር ፈጀሁ።

ጠያቂዋ ተመልሳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሬጅስትራር ሄጄ ነበር፤ ስታቲስቲክስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ የጥናት ዘዴም ያለ እሱ አይወሰድም። አማካሪዬ ስለፈቀዱልኝ የምርጫውን ኮርስ ጥዬ አራቱን ያዝኩ። ከዚያ የዕድራችንን ጸሐፊ አነጋገርኳቸው። መዝገቡን አሳዩኝ፤ ለቀው የሄዱት ሰዎች አዲስ ሰፈር በእርሳስ ከስማቸው ጎን ተጽፏል። መዝገቡን እንድገለብጥ ግን ወረቀት አምጪ አሉኝ። ምን ዓይነት ወረቀት ነው?

መልስ፦ የቀድሞ ረዳት መምህር

የትብብር ደብዳቤ ነው፤ ፕሮፖዛልሽ ሲጸድቅ ትምህርት ክፍልሽ ማኅተም አድርጎ ይሰጥሻል። እስከዚያው መዝገቡን አትገልብጪ። ስትገለብጪም ስሙን ትተሽ በቁጥር ተኪው፤ የመጣበትን ዓመት፣ የሄደበትን ሰፈርና ወርኃዊ መዋጮውን በየረድፉ አስፍሪ። በእርሳስ የተጻፈው ሳይደበዝዝ ጸሐፊው በቢክ እንዲያደምቁት ግን ዛሬውኑ ለምኛቸው።