ዚምባብዌ፦ ለታጋዮች ምግብ ያመላለሰች ሴት ጡረታ ይገባታል?

ጆበርግ_ነዋሪ፦
ሰላም ወገኖች። ባለቤቴ ዚምባብዌያዊት ናት። እናቷ በነጻነቱ ትግል ጊዜ ገና ልጃገረድ ሳለች ሌሊት ሌሊት ሳድዛ (የበቆሎ ገንፎ) ተሸክማ ጫካ ላሉት ታጋዮች ታደርስ ነበር። የነጮቹ መንግሥት መሪ የኢያን ስሚዝ ወታደሮች ነቅተውባቸው ቤታቸውን አቃጥለዋል። ጠመንጃ ግን አልያዘችም። እስከ ዛሬ ሰባራ ሳንቲም አላገኘችም፤ «ጡረታው ለተዋጋ ብቻ ነው» ይሏታል። እውነት ነው?

ባለ_ሕጉ፦
ድሮ ልክ ነበሩ። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ አርበኛ የሚለው ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደና ከ1962 መጀመሪያ እስከ የካቲት 1980 መጨረሻ ባለው ጊዜ በጽናት የታገለን ሰው ነው። ሥልጠና የለህም? በቃ፣ የለህበትም። ሙጋቤ በ1997 ለአርበኞቹ በነፍስ ወከፍ 50,000 የዚምባብዌ ዶላር ባንዴ፣ 2,000 ደግሞ በየወሩ ሲፈቅዱላቸው እንደ አማትህ ያሉት፣ «ቺምብዊዶ» የሚሏቸው ሴቶችና «ሙጂባ» የሚባሉት ወንዶች ልጆች አልተቆጠሩም። በ2020 የወጣው ሕግ ግን የትግሉን ተባባሪዎችም አስገብቷል። ስለዚህ ታመልክት። ታስራ ከነበረም ንገረን፤ ለፖለቲካ እስረኞች ድሮ ለብቻው የወጣ ሕግ ነበር፣ ስድስት ወር መታሰርን ይጠይቅ ነበር፤ አሁን እነሱም በ2020ው ሕግ ውስጥ ገብተዋል።

ዳዊት_ዘ_ፒያሳ፦
ይቅርታ፣ ያ የ1997ቱ ክፍያ እኮ አገሪቱን ገደል የከተተ ነው። በጀት ያልተያዘለት ገንዘብ ነበር። ኅዳር ላይ ዶላራቸው ባንድ ቀን ነው የወደቀው። አሁን ደግሞ ተባባሪው ሁሉ ይጨመር?

እቴጌ፦
ዳዊት፣ እሷ ምን አደረገች? ከዚያ በፊት የጦር ጉዳተኞችን የካሳ ገንዘብ የተቀራመቱት እኮ «አካሌ ተጎድቷል» እያሉ የጉዳት መቶኛ ያስጻፉ ባለሥልጣናት ናቸው። ምግብ የተሸከመችዋ ልጅ ብትያዝ የሚጠብቃት ድብደባ ነበር፣ ከዚያም የባሰ። ታጋዩ መሣሪያ ነበረው፤ እሷ ድስት ብቻ። ለኔ ከማንም በፊት ይገባታል።
ጠያቂው ወንድሜ፣ ፈተናው ምስክር ማግኘት ነው። ታጋዮቹ በትግል ስማቸው እንጂ በእውነተኛ ስማቸው አይታወቁም ነበር። እማማ የምታስታውሳቸውን የትግል ስሞች፣ የመንደሩን ስምና አብረዋት ያበስሉ የነበሩትን ሴቶች አሁኑኑ ጻፉ። ከዚያ ስሙን ይዛችሁ የሚመሰክርላትን ታጋይ ፈልጉት።

ጆበርግ_ነዋሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ እቴጌ። አንዱን አዛዥ በትግል ስሙ እስከ ዛሬ ትጠራዋለች። በሕይወት አለ ይላሉ፣ ማታ ለባለቤቴ ወንድም እደውላለሁ።