ለእማማ ማን ይንገራት?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እዚህ የማነብ እንጂ የምጽፍ ሰው አይደለሁም፤ ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው። ረዘም ካለ ይቅርታ።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። እዚህ ከመጣች ሦስት ዓመት አለፋት። ጡቷ ላይ የሆነ ነገር እንዳለ ለወራት ደብቃን ከረመች። ስናውቅ ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ ናሙና ተወሰደ፤ ለውጤቱ ቀጠሮ ተሰጣት። የቀጠሮው ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ባለቤቴ ከሌሊት ሽፍት ገብታ ተኝታለች። ጎረቤታችን እናቴንና የ12 ዓመቷን ልጄን በር ላይ አውርዷቸው ሄደ። ውስጥ ገብተው «አስተርጓሚ እንጥራ?» ያላቸው የለም። ልጄን «ትችያለሽ?» አሏት። «እችላለሁ» አለች።

ሐኪሟ ካንሰር ነው አለች። ልጄ ቃሉን በደንብ ታውቀዋለች። ለአያቷ ግን «ትንሽ እብጠት ነው፣ መድኃኒት ይሰጡሻል» አለቻት። እናቴ «ተመስገን» ብላ የሐኪሟን እጅ ሳመች። ሐኪሟ ምን እንደመሰላት እንጃ።

ማታ ስገባ ልጅቷ እራት አልበላችም። ክፍሏ ገብቼ ብጠይቃት «አባዬ፣ እማማን ዋሸኋት» አለችኝ። ያቺን ቃል ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

አዲስ አበባ ያሉት እህቶቼ «እንዳትነግራት፣ በሽታው ሳይሆን ወሬው ነው የሚገድላት» ይላሉ። ሐኪሟ ደግሞ ማክሰኞ ስለ ሕክምናው ተነጋግረን እናትህ ራሷ ትፈርማለች ትላለች። እኔ መሐል ቆሜያለሁ። የደረሰባችሁ ካላችሁ ምን አደረጋችሁ?

ነርስ ነኝ፣ ሲያትል

ወንድሜ፣ አይዞህ። እማማን እግዚአብሔር ይማርልን። በልጅቷ ልጀምር፤ ዛሬውኑ አቅፈህ «ያጠፋሽው ነገር የለም» በላት። ያጠፉት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው፣ ኦባማ ኬር የምንለው የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 የሚባል አለው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት (የመንግሥት የጤና መድን የሆኑትን ሜዲኬድ ወይም ሜዲኬር ከወሰደ ተቀብሏል) ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ክልክል ነው። የሚፈቀደው ሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ሲሆን፣ እሱም አስተርጓሚ እስኪገኝ ብቻ ነው።

በ2025 እንግሊዝኛ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ነው ተብሎ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎት እንዲመቻች ያዘዘው የክሊንተን ዘመን የቋንቋ ትዕዛዝ ሲሻር ብዙ ሰው «በቃ አስተርጓሚ ቀረ» ብሎ ነበር። አልቀረም። ያ የፕሬዚዳንት ትዕዛዝ ነው፤ 1557 ግን ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዝ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» በል፤ ፋይሏ ላይ እንዲጻፍም ጠይቅ። አንዴ ከተጻፈ ሁልጊዜ አንተ መለመን የለብህም።

ፈረንጆቹ ስለ እኛ የማያውቁት ትንንሽ ነገር ብዙ ነው፤ ችግሩ ትንሽ አለመሆኑ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ባልደረባዬ እየሮጠች መጥታ «በሽተኛዋ ትንፋሽ አጥሯታል» አለችኝ። ስሄድ አንዲት እናት ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያ ተሰክቶ ግራ ገብቷቸው ተቀምጠዋል። ለካ ሴትዮዋ «አዎ» እያሉ ነው! ያው እኛ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «እህ» እንደምንለው። ልጅቷ በጠየቀቻቸው ቁጥር ሳብ፣ በጠየቀቻቸው ቁጥር ሳብ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ እስቃለሁ።

የማያስቀው ሰዓት ነው። እማማ ኪኒን ከታዘዘላት እባክህ ሰዓቱን አንተ ቁመህ አስረዳት። ብልቃጡ ላይ 8 ይላል፤ የኛ ሰው 8 ሲያይ ስምንት ሰዓት ይላል፤ ስምንት ሰዓት ደግሞ በእነሱ ከቀትር በኋላ 2 ነው። አንድ አባት የግፊት ኪኒናቸውን ለወራት በስድስት ሰዓት ስህተት ሲውጡ ኖረዋል፤ የጠየቃቸውም የለም። እኔ አሁን ሰዓት የሚባል ነገር ትቼ «ቁርስ ስትበዪ»፣ «ልትተኚ ስትይ» እላለሁ። የጾም ቀን ከሆነ ግን «ቁርስ» የሚባል ስለሌለ እሱንም እጠይቃለሁ። ስኳር ያለባቸው እናቶች ኪኒናቸውን ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዳቸውን ሲቆዩ አይቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ሕመምተኛን ከጾም ትፈታለች፤ የንስሐ አባት ሲናገሩት ደግሞ ከኔ ይልቅ ይሰማሉ።

እዚህ ሲያትል ሃርበርቪው ሆስፒታል ከ1994 ጀምሮ ኤትኖሜድ የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ የኛን ጨምሮ ስለ ስደተኛ ማኅበረሰቦች ልማድ ለሐኪሞች የተጻፈ ነው፤ በአማርኛ የተዘጋጀ ለበሽተኛ የሚሆን ጽሑፍም አለው። ለእማማ ሐኪም ብትልክላት አይከፋም። ካላነበበችው ደግሞ አርተር ክላይንማን የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1978 ጽፎት፣ እዚህ ብዙ ነርስ ትምህርት ቤት የሚማረውን ጥያቄ ብትጠይቃት ይበቃል፦ «በሽታውን ምን ያመጣብዎት ይመስልዎታል? በጣም የሚያስፈራዎትስ ምኑ ነው?»

ዘቢዳር (ቶሮንቶ)

የማተቡን ነገር ማንም አላነሳም። እናቴ ለቀዶ ሕክምና ስትገባ ነርሷ መቀስ አንስታ ማተቧን ቆረጠችው። ሰመመን ሳይሰጧት አለቀሰች። ነርሷ ክር መስሏት ነው፣ አልፈርድባትም። ግን ሄደህ ቀድመህ ንገራቸው። ከቀዶ ሕክምናው ቦታ ከራቀ በፕላስተር አሽገው ሊተውት ይችላሉ። ብረት ያለበት መስቀል ከሆነ ብረቱ ይወልቃል፣ ክሩ ይቆያል። ለኤምአርአይም እንደዚያው ጠይቅ።

አባ ዳኜ፣ ላስ ቬጋስ

እኔ ካላችሁት ሁሉ እለያለሁ። አትንገራት።

ልጆች፣ እኛ የምንደብቀው ውሸት ስለምንወድ አይደለም። ሰው ሲሞት እንኳ መርዶ ዝም ብሎ በስልክ አይነገርም። ማን ይንገር፣ ማን አብሮ ይሂድ፣ ማን ይያዛት ተብሎ ይመከራል፤ ጎሕ ሳይቀድ ሰብሰብ ብለው ይሄዳሉ። ለወሬ ሰዓት አለው፣ ሰው አለው። እዚህ ግን ሐኪሙ ኮምፒውተር እያየ በአምስት ደቂቃ ይጥልብህና ወደሚቀጥለው ክፍል ይሄዳል። እንደዚያ ከምትሰማ ባትሰማ ይሻላታል። አባቴን እንደዚያ ነግረውት ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም። ሕክምናው ሳይሆን ያቺ አምስት ደቂቃ ናት የወሰደችው።

የሕክምና አስተርጓሚ፣ ዴንቨር

አባ ዳኜ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ስለ አምስቱ ደቂቃ ያሉት ልክ ነው፤ እኔም በየቀኑ የማየው እሱን ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምር።

የአሌክሳንድሪያው ወንድሜ፣ ማክሰኞ አስተርጓሚው ሲመጣ ጆሮው ላይ «ይቺን ነገር እንዳትነግራት» አትበለው። ከገባህበት ደቂቃ ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ የተባለውን ሁሉ መተርጎም ግዴታው ነው። አንተ የሹክሹክታህን ካልክ ያንንም ይተረጉመዋል፤ «ልጅዎ እንዳልነግርዎት እየለመነኝ ነው» ይላታል። ስንት ቤተሰብ እንደዚህ ሲጣላ አይቻለሁ። ካንሰርንም «ክፉ በሽታ» እያልን ማለሳለስ አንችልም፤ ነቀርሳ ወይም ካንሰር ነው የምንለው።

መንገድ ግን አለ፤ ቀድመህ ሐኪሟ ጋ ደውል። «እናቴ ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ መጀመሪያ ራሷን ጠይቂልኝ» በላት። ጥሩ ሐኪም እንዲህ ትጠይቃለች፦ «አንዳንድ ሰው ስለ ሕመሙ ዝርዝሩን ራሱ መስማት ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ልጆቼ ይስሙልኝ፣ እነሱ ይወስኑልኝ ይላል። እርስዎ የትኛውን ይወዳሉ?» እማማ «ለልጄ ንገሩት» ካለች ይጻፋል፣ አንተ ትሰማለህ፣ አንተ ትወስናለህ። እዚህ አገር መብቱ የበሽተኛው ነው እንላለን፤ አለማወቅም መብት መሆኑን ግን እንረሳዋለን። የሐኪሟ ስህተት ሳይጠይቁ መንገር ነው፤ የእኛ ስህተት ሳይጠይቁ መደበቅ ነው።

እማማ «አስተርጓሚው ያወቀኛል፣ ወሬዬ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል» ብላ ከፈራች፣ ይህ ብዙ ሰው ዝም የሚልበት ምክንያት ስለሆነ ልንገርህ፣ በስልክ እንዲሆን ጠይቅ። በስልክ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሌላ ስቴት ያለ ሰው ነው። ስሟን መጥራትም አያስፈልግም። ሴት ትሁን ካለችም ይቻላል። ባይሳካ እንኳ ይሞክራሉ።

ደግሞ ይሄ ለሁላችንም ነው፦ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አማርኛ ይመቸዋል ማለት አይደለም። ስንት ጊዜ ተጠርቼ ስገባ በሽተኛው ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪ ሆኖ ለትሕትና ብቻ «እሺ፣ በአማርኛ ይሁን» ሲል አግኝቻለሁ። ግማሹን ሳይሰማ ይወጣል። ሐኪም ቤቱ ሳይጠይቀን እኛ እንጠይቅላቸው።

ከነታንያ፣ እስራኤል

ሰላም ለናንተ። እኛ ዘንድ ነገሩ ትንሽ የተለየ ነው፤ የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ካስለመዱን ቆየ። ጤና ብሪዩት የሚባል ለኛ ሰው ጤና የሚሠራ ድርጅት አለ፤ ስሙ ግማሹ አማርኛ ግማሹ ዕብራይስጥ ነው፣ ሁለቱም «ጤና» ማለት ነው። ስኳር ከኛ ሰው ጋር እዚህ አገር ነው የተዋወቀው ማለት ይቻላል፤ ነጩ ዳቦና ለስላሳው መጠጥ መጣ፣ እግር መሄድ ቀረ። ስለዚህ እነሱ ቤት ለቤት ብዙ ደክመዋል።

ስለ መደበቅ ግን የምለው አለኝ። በጃንዋሪ 1996 ማሪቭ ጋዜጣ አንድ ነገር አወጣ፦ ማጌን ዳቪድ አዶም፣ የእስራኤል አምቡላንስና የደም ባንክ ድርጅት፣ ኤችአይቪን ፈርቶ ከእኛ የወሰደውን ደም ሳይነግረን ሲደፋው ኖሯል። ክንዳችንን ዘርግተን ሰጠን፣ አመሰገኑን፣ ከዚያ ደፉት። ሲጠየቁ «ቅር እንዳትሰኙ ብለን ነው» የሚል መልስ መጣ። እየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት በሺዎች ሆነን ወጣን፤ እኔ ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ፣ ውኃና ጭስ ተረጨብን። ያናደደን ደሙ ብቻ አልነበረም። «ለእናንተ አዝነን ሳንነግራችሁ» የሚለው ነው። ስለዚህ ማንም «ለእሷ አዝነን» ሲል ሆዴ ይታወካል። እናትህ ሕፃን አይደለችም፣ ወንድሜ።

ሌላም፦ እማማ «ልቤን» ካለች ሐኪሟ የልብ ምርመራ እንዳትልካት። የኛ ሰው ሐዘኑንም ጭንቀቱንም «ልቤን» ነው የሚለው። አንዲት አክስቴ በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ ልቧ ተመረመረ፤ ልቧ ደህና ነበር፣ ልጇ ነበር የሞተባት።

ሰናይት፣ ዳላስ

አማቴን ደበቅናቸው። ለሰባት ወር «ጨጓራ ነው» አልናቸው። መጨረሻ ላይ በራሳቸው ሲገባቸው «የቤቱን ጉዳይ ከወንድሜ ጋር ሳልጨርስ ጊዜዬን በላችሁብኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ወገኖቼ፣ ተመልሼ ዘገየሁ። ማክሰኞ አለፈ። እንዳላችሁት ሐኪሟ ጋ ቀድሜ ደወልኩ። መጀመሪያ የአባ ዳኜን ጎሕ ሳይቀድ የሚነገረውን መርዶ ነገርኳት፤ ዝም ብላ ሰማችኝና ቀጠሮውን ከአሥራ አምስት ደቂቃ ወደ አንድ ሰዓት አስረዘመችው። ወንበሯንም ከኮምፒውተሩ አዙራ ተቀመጠች። አስተርጓሚዋ በስልክ ናት፤ ድምጿ የጎንደር ሰው ይመስላል።

ሐኪሟ ያንን ጥያቄ ጠየቀቻት። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣» አለች ለእኔ፣ «ይቺ ልጅ የዚያን ቀን እጄን ይዛ መዳፏ ሲንቀጠቀጥ ነው ያወቅሁት። እብጠት ብቻ ቢሆን ለምን ትንቀጠቀጣለች?» ሦስት ሳምንት ሙሉ እኛ እንዳናዝን ብላ እሷ ስትደብቀን ኖራለች።

በሽታው ገና አልተሰራጨም። ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ሌላ ሕክምና አለ። ሁሉንም በራሷ ጆሮ ሰማች፣ ጥያቄም ጠየቀች። ከፍስሐ አባቷ ጋር መነጋገር ስለፈለገች ፊርማውን ለሐሙስ አደረጉላት (ንስሐ አባቷ ማለቴ ነው፣ እጄ ይንቀጠቀጣል)። ማተቡን ነግሬያቸዋለሁ፣ ዘቢዳር ተባረኪ። ልጄ ትምህርት ቤት ናት፤ ከእንግዲህ ከአያቷ ጋር የምትሄደው አይስክሬም ለመብላት ብቻ ነው።

ስንወጣ መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ሳስርላት እናቴ ክንዴን ያዝ አደረገችና «አዲስ አበባ ላሉት እህቶችህ ግን እንዳትነግር፤ እነሱ ሆደ ባሻ ናቸው» አለችኝ።